ባሌን ያዞርኩበት ጥቅል

ሥራዬ ሞተር መጠቅለል ነው። የተቃጠለ ሞተር ያመጡልኛል፣ ያረረውን ሽቦ ጎልጉዬ አወጣለሁ፣ በአዲስ መዳብ ጠቅልዬ ቫርኒሽ አጠጥቼ እመልሳለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ጠቅላይ» ይለኛል። «ሚኒስትርነቱስ የት ቀረ?» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። «ሚኒስትሯ እቤት አሉ፣ አማቴ ናቸው» እለዋለሁ። አማቴ ይህን ከሰሙ ይስቃሉ። ባይስቁም ግድ የለኝም፤ አፌን ልያዝ ብል የሚያዝልኝ ሰው አይደለሁም።

ባሌ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ ያነጋል፣ ጠዋት ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ይመጣል፣ ሻዩን ፉት ይልና ይተኛል። እኔ የምሠራው ቀን ነው። ትዳራችን በር ላይ ነው በሉት፤ እሱ ሲገባ እኔ ወደ ሥራ፣ እኔ ስገባ እሱ ወደ ሥራ። ትንሹ ነው የሚባለው። ትንሹ ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰውዬ ነው። ከሱ በፊት የተወለደ ትልቁ የሚባል ወንድም ስለነበረው ነው እሱ ትንሹ ሆኖ የቀረው።

ትልቁ ሞቷል። ከጓሯችን በር ወጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ውሃ ሞልቶታል። ልጅ ሳለ ሊዋኝ ገብቶ በዚያው ቀረ። ጠላቂ ገባ፣ ገመድ ተጣለ፣ አልተገኘም። እኔ ወደዚህ ቤት በምራትነት ከመምጣቴ ብዙ ዘመን በፊት ነው። አማቴ አንዳንዴ ልብስ ሲያጥቡ፣ «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባላል፤ የኔው ልጅ ግን ቤትም አልገባ መሬትም አልገባ» ይላሉ። ይህን ሲሉ አያለቅሱም። የሚከፋኝ ደግሞ አለማልቀሳቸው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መኝታ ቤታችንና የሥራ ክፍሌ አንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ናቸው፤ መሃላቸው ልብስ የምናሰጣበት ባዶ ቦታ ነው። አንድ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና መቀሴን ረስቼ ወደ መኝታ ቤቱ ገባሁ። ትንሹ አልጋው ላይ የለም። ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እጆቹን ወደታች ጥሎ። «ምነው፣ ምን ሆንክ?» አልኩት። ጠጋ ብዬ ፊቱን ሳየው ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን እኔን አያየኝም፣ እኔንም ግድግዳውንም አልፎ ነው የሚያየው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ባሌን ፈራሁት። ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰውዬ ፈራሁት። እጁን ይዤ መለስኩት፣ እንደ ሕፃን እሺ ብሎ ተኛ። ሲነቃ ምንም አያስታውስም።

ከዚያ ወዲያ የየቀን ነገር ሆነ። በእንቅልፍ ልቡ ይነሳል፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ቦታ። የግንባሩ ወዝ ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ ኖራው ላይ ክብ እድፍ ሠራ። አልጋውን አዞርነው፤ እሱ ወደዚያው። እናቱ ክፍል አስተኛነው፤ እዚያም ወደዚያው አቅጣጫ። በር ቆለፍን፤ የመስኮቱን ብረት አጣሞ ወጣ። ሐኪም ክኒን ሰጠው፤ ክኒኑ ሌሊትም አልለቅህ አለውና ምድጃው ፊት አንቀላፍቶ ክንዱን ተቃጠለ፣ ተወው። ከዚያ አንድ ቀን ጎረቤታችን ድንጋይ ጠራቢው ክንዱን ይዞ አመጣልን። የሰውየው ፊት አመድ መስሏል። «ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ነው ያገኘሁት» አለ። «የእግሩ ጣቶች ጫፉን አልፈው አየር ላይ ነበሩ። ምሳዬን እዚያ ባልበላ ኖሮ አልቆለት ነበር። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያ አልበላም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ ግን እንደቆሙ ናቸው። «ወንድሙ ነው» አሉ። «ትልቁ ነው የሚጠራው።» የሚገርመው፣ ይህን ሲሉ ፊታቸው አልጠቆረም፤ በራ። ልጃቸው አንድ ቦታ አለ ማለት ነዋ፣ ድምፅ አለው ማለት ነዋ። «ታዲያ እርስዎን ለምን አይጠራም?» አልኩ በንዴት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ዋጋዬን ይሰጡኝ ነበር። ያን ቀን አልተቆጡም።

በዚያው ሰሞን አሮጌ ብረት ሰብሳቢዎች የተቃጠለ ማግኔት አምጥተውልኝ ነበር፤ ብረት የሚያነሱበት፣ የበሬ ጭንቅላት የሚያክል። እንዲህ ያለው ማግኔት ሆዱ ሲከፈት የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው፣ ሌላ ጉድ የለውም። ሽቦው ብቻውን ምንም አይስብም። ኮረንቲ ሲለቀቅበት ነው ነፍስ የሚዘራው፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ ተመልሶ ይሞታል። አንዱ ዙር ጉልበቱ ኢምንት ነው፤ ዙር በዙር ላይ ሲደመር ግን መፍቻ ከእጅ ይነጥቃል። ዙሩ ሁሉ ታዲያ ባንድ በኩል መዞር አለበት። ግማሹን ወደ ቀኝ ግማሹን ወደ ግራ ከጠቀለላችሁት ኮረንቲው ይሄዳል፣ ሽቦው ይግላል፣ ማግኔት ግን የለም፤ ተኳርፈው ባንድ አልጋ የሚያድሩ ባልና ሚስት ማለት ነው።

ጠቅልዬ ጨርሼ ልፈትነው በመኪና ባትሪ ቻርጀር ኮረንቲ ለቀቅኩበት። ጠረጴዛው ላይ የነበረው መፍቻ ተንሸራቶ ሄደና ጧ ብሎ ተጣበቀ። ያኔውኑ አማቴ ከመኝታ ቤቱ ጮኹ፤ ልጃቸውን ሲጠብቁ ነበር።

«ዞረ! ከግድግዳው ዞረ!»

ሮጬ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ግንባሩን ለጥፎ የነበረው ሰውዬ ፊቱን ወደ ሥራ ክፍሌ አዙሮ ቆሟል። ተመልሼ ኮረንቲውን አጠፋሁት። «ተመለሰ!» አሉ አማቴ። አበራሁት። «ዞረ!» አጠፋሁት። አሁን ድምፅ የለም። ቀና ስል አማቴ የሥራ ክፍሌ በር ላይ ቆመዋል።

«ምን እያደረግሽው ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ላስረዳቸው ብዬ ከመስፊያ ዕቃቸው ውስጥ አንዲት መርፌ ወሰድኩ። ጥቅሉ አጠገብ አድርጌ ኮረንቲ ስለቅበት መርፌዋ ራሷ ማግኔት ሆነች። ኮረንቲውን አጥፍቼ፣ ቡሽ ላይ ሰክቼ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ አንሳፈፍኳት። ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ጫፏ ወደ ጓሮ በር፣ ወደ ጉድጓዱ ነው።

«ያዩታል እማማ? መሬት ራሷ ማግኔት ናት። መርፌ ሁሉ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ጉድጓዱም በሰሜን በኩል ሆኖ ተገኘ፣ በቃ። ትንሹ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ይኖር ይሆናል፣ ሲተኛ የሚነቃ። የጠራው ሰው የለም። ወይስ ይቺ መርፌም ወንድም ሞቶባታል?»

ምላሴ ይቆረጥ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። አማቴ መርፌዋን ከውሃው አወጧት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቋትና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ትንሹ ወደ ማታ ሲነቃ ሁሉንም ነገርኩት። ሐሳቤ ይህ ነበር፦ አልጋውን በትልቅ ጥቅል ልከብበው፤ ኮረንቲ ስለቅበት የጥቅሉ ማግኔት የመሬትን ይበልጥበታል፤ ያኔ ትንሹ ሲነሳ ሰሜን የሚመስለው የኔ የሥራ ክፍል ይሆናል። ወደ ጉድጓዱ መሄዱ ቀርቶ ወደኔ ይመጣል ማለት ነው።

«ሞተር አደረግሽኝ በይ» አለኝ።

«ሞተርማ ብትሆን ቀን ተጋድመህ ባልዋልክ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እኔ እኮ መተኛት ፈራሁ» አለ። «ዓይኔን ስጨፍን ከዚህ ቤት የምወጣ ይመስለኛል። አድርጊ፣ ያልሽውን አድርጊ።»

ኬብል የሚጠመጠምበት ትልቅ የእንጨት ክብ ፈልጌ አገኘሁ፤ ብረት ቢሆን አይሆነኝም ነበር። ጠርዙን ዙሪያውን መዳብ ጠቀለልኩበት፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል፣ ሁሉንም ባንድ በኩል። ክቡን አቆምነውና አልጋውን በመሃሉ አሳለፍነው፤ ክር መርፌ ዓይን ውስጥ እንደሚገባ። ግርጌውን ወደ ሥራ ክፍሌ አዞርነው። አማቴ በሩን ተደግፈው ሲያዩ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጠቅላይ ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት የተሳሳትኩት። ሞተር የሚጠቀልል ሰው እጁ የለመደው የግድግዳውን ኮረንቲ ነው። ትንሹ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ሳላስበው፣ ጥቅሉን በትራንስፎርመር አድርጌ ሶኬት ላይ ሰካሁት። የግድግዳ ኮረንቲ ደግሞ ባንድ በኩል አይሄድም፤ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ይመላለሳል። ለሞተር ደግ ነው፣ ያሽከረክረዋል። ማግኔቱ ግን አብሮት ይገለባበጣል።

ትንሹ ተነሳና አልጋው ጫፍ ቆመ። መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ጣቱ ነው። ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ አገጩ። ወደኔ ሊዞር ይልና ሳይዞር ወደ ግድግዳው፣ ወደ ግድግዳው ሊዞር ይልና ሳይዞር ወደኔ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። አፉ ተከፍቶ ከውስጡ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ እንደ ትራንስፎርመሩ ያለ እምምም የሚል፣ ትንፋሽ የማይቆርጠው። ዓይኑ ተከፍቷል። ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም።

«ገደልሽው!» አሉ አማቴ። ሶኬቱን ስነቅለው እንደ ጆንያ ወደቀ። ከነቃ በኋላ መንጋጋዬን አመመኝ ከማለት በቀር ምንም አላለም። እኔ ግን ትራንስፎርመሩን ከክፍሉ አወጣሁት።

ማግስቱን ቻርጀሩን አመጣሁ፤ እሱ ኮረንቲውን ባንድ በኩል ብቻ ነው የሚሰደው። መርፌዋን ከአማቴ ተቀብዬ ውሃ ባለው ሳህን ላይ አንሳፍፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኳት፤ ኮረንቲውን ስለቀው ጫፏ ከሰሜን ዞሮ ወደ ሥራ ክፍሌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ትንሹን ተኛ ያልኩት። እኔም ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መጠቅለል ጀመርኩ፣ ጆሮዬ ግን እዚያ ነው። ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ሰማሁ። ግቢውን አቋረጠ። የክፍሌን በር አልፎ ገባ። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ትንፋሹ ማጅራቴን ይነካኛል፣ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ዞር ብዬ ለማየት ወኔ አጣሁ። ሽቦው እጄ ላይ ተበጠሰ።

ግን መጣ! ወደ ጉድጓዱ አልሄደም፣ ወደኔ መጣ። በየቀኑ መጣ። ሰው ምን የማይለምደው አለ? ፍርሃቱ ለቀቀኝና ደስ ይለኝ ጀመር። ነቅቶ ሳለ የማላገኘውን ባል ተኝቶ አገኘሁት። ከኋላዬ እንደቆመ እያወራሁት እጠቀልላለሁ፤ ናፍቀኸኛል እለዋለሁ፣ ያ ጉድጓድ ካንተ ጋር እኔንም ይዞ ሊገባ ነበር እለዋለሁ። ነቅቶ ቢሆን አንዷም ከአፌ አትወጣም ነበር። ደንበኞቼ ግን ዓይኑን ሲያዩ እቃቸውን ጥለው ይወጣሉ። ሰፈሩም «ጠቅላይ ባሏን አዞረችው፣ አስደገመችበት» ብሎ አወራ። «አዎ አዞርኩት፣ የናንተንም አምጡና ላዙርላችሁ» አልኳቸው።

አማቴ ግን ከዚያ ወዲህ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። ምግብ ይቀምሳሉ እንጂ አይበሉም። ስለ ትልቁ ማውራት አቆሙ። የጓሮውን በር ድሮ ከወንበራቸው ሆነው ያዩት ነበር፤ አሁን ወንበሩን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡት። አንድ ቀን ሻይ ሳቀብላቸው፣ «ልክ ነሽ ልጄ» አሉኝ። «ማንም አልጠራውም።» ያለ ቁጣ ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የልጃቸውን ሕይወት ለማትረፍ የሌላ ልጃቸውን ድምፅ ነጠቅኳቸው።

ነገሩ የደረሰ ቀን አማቴ አንሶላ ሲያጥቡ ነበር። ግቢው ከዳር እስከ ዳር በነጭ አንሶላ ተጋርዷል። እጣቢውን ሊደፉ የጓሮውን በር ከፍተውት ወጥተዋል። ድሮ ቢሆን ያ በር ሳይቆለፍ ለደቂቃ አይቆይም ነበር። አሁን ግን ጥቅሉ አለ ብለን ተዘናግተናል። እኔ ራሴን ቀብሬ በእጅ እጠቀልላለሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ነው ቀና ያልኩት፤ ማራገቢያው ቆሟል። የጎረቤት መጋዝም ቆሟል። መንደሩ ሁሉ ጭጭ ብሏል።

መብራት ጠፍቷል።

ኮረንቲ ከሌለ ጥቅሉ ሽቦ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንሶላውን በእጄ እየገፈተርኩ ወደ መኝታ ቤቱ ሮጥኩ። አልጋው ባዶ ነው። የጓሮው በር ብርግድ ብሏል። «እማማ!» ብዬ ጮህኩና ነጠላ ጫማዬ እግሬ ላይ ይኑር አይኑር ሳላውቅ በዚያ መንገድ በረርኩ።

ጉድጓዱ ጋ ማንም የለም። ውሃው ጥቁር ነው፣ አይንቀሳቀስም። ከኛ በኩል ያለው ጫፍ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ውሃውን ለማየት በወዲያኛው በኩል ዞሬ ወረድኩ። አማቴም እጃቸው ላይ አረፋ እንዳለ ደረሱብኝ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ፈለግን፣ የለም። የገባውን ይዞ ዝም የሚል ውሃ መሆኑን እሳቸው ያውቁታል።

«ትንሹ!» አልኩ። የምለው ሌላ ምን አለኝ?

«ትንሹ! ትንሹዬ! ልጄ!» አሉ አማቴ። የዚያን ያህል ድምፅ እዚያች ሰውነት ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ተቀባብለን ጮህን። ድንጋዩ ድምፃችንን ተቀብሎ መለሰልን፤ የገደል ማሚቶ የታወቀ ነው፣ ግን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚመለሰው ድምፅ የኛን አይመስልም። ወፍሮ፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ትን…ሹ።

ያኔ አየሁት። በወዲያኛው ጫፍ፣ በቤታችን በኩል፣ ከመንገዱ ብቅ አለ። እርጥብ አንሶላ ትከሻው ላይ ተጠምጥሞበታል። ባዶ እግሩን ነው፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ቀጥ ብሎ ወደኛ ይመጣል። በሱና በኛ መሃል ደግሞ ገደሉና ውሃው ነው።

ነገሩ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ብረት ጥቅል አጠገብ ሰንብቶ ኮረንቲው ሲቋረጥበት ወዲያው አይረሳም፤ የለመደው አቅጣጫ ትንሽ ይቀርበታል። መብራቱ የጠፋው ትንሹ ወደኔ ሲመጣ ግቢው መሃል ላይ ነው። እዚያው ቆሟል፣ ፊቱን ወደ ሥራ ክፍሌ እንዳደረገ፣ ከአንሶላ ጀርባ። እኔ ነኝ አጠገቡ አልፌ የሮጥኩት። ምንም አይሆንም ነበር። ከዚህ ጉድጓድ ማንም አልጠራውም ነበር፤ አሁን እኛ ጠራነው።

አማቴም አይተውታል። ሌላ ጩኸት ሊያወጡ አፋቸውን ሲከፍቱ በመዳፌ ከደንኩት። ታገሉኝ። ልጃቸው ገደል ጫፍ ላይ ነው፣ እንዴት አይታገሉኝ! በሌላው እጄ እሱን አሳየኋቸው፣ ጆሮዬን ነካሁ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ቆየና ገባቸው። የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነከሱት።

የማሚቶው መጨረሻ ድንጋዩ ውስጥ ጠፋ። ትንሹ ቆመ።

ከእግሩ ሥር ጠጠር ተንከባሎ ውሃው ውስጥ ጠብ አለ። ጣቶቹ አየር ላይ ናቸው። ራሱን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ሩቅ ያለ ሰው ሲያናግራችሁ እንደምታደርጉት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዝም ማለት እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። አማቴን ትቼ በጠርዙ ዙሪያ መራመድ ጀመርኩ። መሮጥ የለም፣ መጥራት የለም፣ ጠጠር ማንኮሻኮሽ የለም። እግሬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ዓይኔን ከጣቶቹ አልነቀልኩም። ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ መልሶ ቀና አለ።

ደረስኩ። ከጀርባው ሆኜ ወገቡን አቀፍኩትና ወደ ኋላ ሳብኩት፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ መሬት እስኪበዛ ድረስ። ሰውነቱ ይሞቃል። ፊቴን ጀርባው ላይ ቀብሬ ያለ ድምፅ አለቀስኩ። ያኔ ነው የተናገረው። በእንቅልፉ ሲሄድ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«ዝም አለ» አለ።

የጮህነው ሁለት ሴቶች ነን። «ዝም አሉ» ባለ፣ ወይ «ዝም አለች» ባለ፣ ገባኝ እል ነበር። «አለ» ነው ያለው። አንድ ወንድ። ማሚቶው ነው አልኩ ለራሴ፤ ወፍሮ የተመለሰው የራሳችን ድምፅ ነው። ለራሴ ደግሜ አልኩት። ደግሜ ስለው የመጀመሪያውን ያህል እንኳ አላመንኩትም።

አማቴ በጠርዙ ዞረው፣ ሻሹን እንደነከሱ፣ ደረሱ። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፣ አረፋው ጉንጩ ላይ ቀረ። ከዚያ ሻሹን ከአፋቸው አወጡና በሹክሹክታ፣ «ምን አለ? ሲናገር አይቻለሁ» አሉኝ።

ስለ ዳቦ ነው ልላቸው እችል ነበር። ምድጃው ጠፋ አለ ብላቸው ያምኑኝ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር።

«‹ዝም አለ› ነው ያለው» አልኳቸው።

«ማን?»

«እኔ እንጃ እማማ። ‹አሉ› አላለም። ‹አለ› ነው ያለው።»

አማቴ ወደ ውሃው ዞሩ። ይወድቁብኛል ብዬ ቀሚሳቸውን ያዝኩ። አልወደቁም። ብዙ ቆዩ፣ ውሃውን ሲያዩ፣ ሲያዳምጡ። እኔም አብሬ አዳመጥኩ፣ እኔ የማላምነው። ድምፅ የሚባል አልነበረም፤ ወፍም፣ ነፋስም። ከዚያ አማቴ እንባቸው ወረደ። እንዲህ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

«ዝም ካለማ ተኝቷል» አሉ። ሻሻቸውን አራግፈው መልሰው አሰሩ። «ነይ ልጄ፣ ቀስ ብለን እንሂድ። እንዳንቀሰቅሰው።»

የቱን ልጃቸውን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ትንሹን በአንድ እጁ እኔ፣ በሌላው እሳቸው ይዘን፣ እግራችንን ከመሬት እያነሳን ወደ ቤት ሄድን።